ከአፍንጮ በር እስከ ኢንቾን፦ የባሕር ውጊያ ጥናቴ አራተኛ ወር

የተወደዳችሁ የጥናት ጓደኞቼ፣ የባሕር ኃይልንና ከባሕር ወደ የብስ የሚወርድ ጦርን ታሪክ ማጥናት ከጀመርሁ አራት ወር ሆነኝ። መነሻዬ አፍንጮ በር ያለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ነው። ወደ ሥራ ስሄድ በዚያ በኩል ሳልፍ፣ የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ በ1951 (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከጅቡቲ በመርከብ ተሳፍሮ ፑሳን የተባለው የኮሪያ ወደብ መድረሱን እያሰብሁ፣ «ወደቡ በጠላት እጅ ቢሆን ኖሮ ያ ጦር በየት በኩል ይወርድ ነበር?» የሚል ጥያቄ አደረብኝ።

በመጀመሪያው ወር ስሕተቴ የባሕር ኃይልን ብርታት ለመመዘን መድፍ መቁጠር ነበር። ማርች 18 ቀን 1915 የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች የዳርዳኔልስን ወሽመጥ ጥሰው ለማለፍ ሲሞክሩ ሦስት ታላላቅ የጦር መርከቦች በአንድ ቀን መስጠማቸውን፣ ለዚህም ዋናው ምክንያት ኑስረት የተባለች ትንሽ የቱርክ መርከብ ከአሥር ቀን በፊት በሌሊት ያጠመደችው ፈንጂ መሆኑን ሳነብ ግን ቆጠራዬን ተውሁት።

ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የወሰደብኝ ሌላው የኮሪያ ወደብ ኢንቾን ነው። አዲስ አበባ ተወልጄ ስላደግሁ፣ ባሕር በየቀኑ ይሞላል፣ ይጎድላል የሚባለው ነገር ከቃል አልፎ አይገባኝም ነበር። በኢንቾን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ የሦስት ፎቅ ቤት ቁመት ያህል ነው፤ ውኃው ሲሸሽ የሚቀረው ጭቃም መርከብ አያስጠጋም። ሴፕቴምበር 15 ቀን 1950 የአሜሪካ ማሪን (ከመርከብ ወደ የብስ ወርዶ የሚዋጋ ጦር) ወታደሮች በጠዋቱ ሙላት ወልሚ የተባለችውን ደሴት ከያዙ በኋላ ባሕሩ ስለሸሸ፣ ሌሎቹ በማታው ሙላት መጥተው የወደቡን ግንብ በመሰላል እስኪወጡ ድረስ ቀኑን ብቻቸውን መዋል ነበረባቸው። ሰዓቶቹን በወረቀት ላይ በመስመር ሳሰፍር ነው የጦሩ አዛዥ የጄኔራል ማክአርተር ዕቅድ ምን ያህል በቀን መቁጠሪያ የታሰረ እንደነበረ የገባኝ። ስምንት የማረፊያ መርከቦች (ጦርና ጭነት ዳርቻ ላይ የሚያወርዱ) ጥይትና ስንቅ እንደጫኑ ሆን ተብሎ ሌሊቱን ጭቃው ላይ እንዲቀመጡ መደረጉም አስደንቆኛል፤ የወረደው ጦር ያለ እነርሱ እስከ ንጋት መቆየቱ ያጠራጥር ነበር።

እንግሊዝና አርጀንቲና በተዋጉበት የፎክላንድ ደሴቶች ጦርነትም የስንቅና የማጓጓዣ ጉዳይ ጎልቶ ታይቷል። ሜይ 25 ቀን 1982 አትላንቲክ ኮንቬየር የተባለችው የጭነት መርከብ በኤግዞሴት ሚሳይል ስትመታ ሦስት ቺኑክ ሄሊኮፕተሮች አብረው ስለጠፉ፣ ብዙዎቹ የእንግሊዝ ወታደሮች ሸክማቸውን ተሸክመው በእግራቸው ደሴቱን አቋረጡ።

ዛሬ ከባሕር ወደ የብስ ጦር የማውረድ ዘመን አልፏል የሚሉ አሉ። ዩክሬን ይህ ነው የሚባል የጦር መርከብ ሳይኖራት በፌብሩዋሪ 2024 ጼዛር ኩኒኮቭ የተባለችውን የሩሲያ ማረፊያ መርከብ ሰው አልባ በሆኑ ጀልባዎች ማስጠሟ ክርክራቸውን ያጠነክረዋል። እኔ ግን በሙሉ አልቀበለውም፤ በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት መርከብ ላይ የቆዩት ማሪኖች ኩዌት ዳርቻ ላይ ሳይወርዱ፣ ይወርዳሉ ተብሎ በመፈራታቸው ብቻ የኢራቅን ክፍለ ጦሮች ባሕሩን ሲጠብቁ አውለዋቸዋል።

በሚቀጥለው ወር የባብ ኤል መንደብን ካርታ ይዤ የውኃውን ጥልቀትና ጠባብ መተላለፊያዎቹን አጠናለሁ። የባሕር ካርታ ላይ ያሉትን የጥልቀት ቁጥሮች ማንበብ የምትችሉ ካላችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ ተገናኝተን ብታስተምሩኝ በታላቅ ደስታ እቀበላለሁ።