አባቴን ሦስት ሰዓት ተኩል ያቆምኩበት ጨዋታ

ትኬቱን ከመግዛቴ በፊት አንድ ሰው «ትኬቱ ላይ ያሉትን እነዚህን ሦስት ፊደሎች አይተሃቸዋል ወይ?» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ አባቴ በዚያ ቀን አይንገላቱም ነበር። የነገረኝ አልነበረም። ዘንድሮም ልጆቻቸው አሜሪካ ኮሌጅ የገቡላቸው ወገኖች ቤተሰብ ይዘው ፉትቦል ለማየት ሲሰናዱ ስለማይ፣ የሆነውን እንዳለ ልጻፈው። ፉትቦል ስል የአሜሪካኖቹን ማለቴ ነው፤ የእኛን ግን «ኳስ» እያልኩ ነው የምጠራው። ዓመተ ምሕረቱም እንደ ፈረንጆቹ ነው።

ትልቁ ልጄ ኮሌጅ የገባው በ2024 ነው። ዩኒቨርሲቲው ከምንኖርበት ከተማ ሁለት ሰዓት ተኩል ያስነዳል። አሮጌውን ስታዲየም ትቶ አዲስ አሠርቷል። ስሙን አልጠራም፤ ነገሩ የአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። በዚያው ሰሞን አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ዕድሜያቸው 74 ነው፤ ቀኝ ጉልበታቸው ከታመመ ቆይቷል፤ ያለ ከዘራ አይንቀሳቀሱም። በወጣትነታቸው የጊዮርጊስ ጨዋታ አያመልጣቸውም ነበር። ስለ አዲስ አበባ ስታዲየም የተመልካች ቦታዎች፣ ስለ ሚስማር ተራና ስለ ካታንጋ፣ ወሬ ከጀመሩ ምሳም ይረሳሉ። ልጄ ደውሎ «አባባን ስታዲየም አምጣልኝ፣ ጓደኞቼ ይዩልኝ» ሲለኝ የተሰማኝን ደስታ አሁንም አስታውሰዋለሁ።

ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ፣ መኪናዋን አሳየሁ፣ ባለቤቴ ዳቦ ቆሎ አዘጋጀች። ልጄ በተማሪነቱ በነጻ ይገባል። ለእኔ፣ ለባለቤቴ፣ ለትንሿ ልጃችንና ለአባቴ አራት ትኬት መግዛት ነበረብኝ።

የመረጥኩት ቅዳሜ «ሆምካሚንግ» የሚሉት፣ የድሮ ተማሪዎች ከየአቅጣጫው የሚሰባሰቡበት ቀን ነው። በዓመቱ ውስጥ ከሁሉም የሚወደደው ቀን መሆኑን አላወቅሁም። ዩኒቨርሲቲው ጋ ትኬት አልቋል። ስለዚህ ሰው የገዛውን ትኬት መልሶ የሚሸጥበት አንድ ድረ ገጽ ላይ ገባሁ። የስታዲየሙ ካርታ ስልኬ ላይ ወጣ። አብዛኛው ቦታ 130፣ 150 ዶላር ይላል። ወደ ታች እየወረድኩ ሳይ ከሜዳው መሀል ትይዩ፣ ክፍል 124፣ አራት ትኬት ጎን ለጎን እያንዳንዱ በ74 ዶላር አገኘሁ። «ረድፍ» በሚለው ቦታ «ኤስ አር ኦ» ተብሎ ተጽፏል። እኔ የረድፉ ስም መሰለኝ። ከላይ በቀይ ሰዓት እየቆጠረ ነበር፤ በሰባት ደቂቃ ካልከፈልክ ትኬቱ ለሌላ ይሄዳል ይላል። ተጣደፍኩ። መክፈያው ገጽ ላይ ስደርስ 74ቱ 95 ሆነ፤ በእያንዳንዱ ትኬት ላይ 21 ዶላር የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮበታል። አራቱ 380 ዶላር መጡ። ከሜይ 2025 ጀምሮ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ባወጣው ደንብ ሻጮች ሙሉውን ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲያሳዩ ይገደዳሉ። እኔ ከዚያ በፊት ነበርኩ። ከፈልኩ።

ኤስ አር ኦ ማለት «መቆሚያ ብቻ» ማለት ነው። ወንበር የለውም።

ይህን ያወቅሁት ክፍል 124 ደርሼ ነው። ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ ሃያ አምስት ደቂቃ በአባቴ እርምጃ ሄደናል። በሩ ላይ የባለቤቴ ቦርሳ ብርሃን የማያሳልፍ ስለሆነ 15 ዶላር ከፍለን ሳጥን ውስጥ አስቀምጠነዋል፤ ዳቦ ቆሎውም አብሮ ቀርቷል። ይህን ሁሉ አልፈን ስንደርስ ከመጨረሻው የወንበር ረድፍ ኋላ ሰው የሚተላለፍበት ኮሪደር አለ። በኮሪደሩ ጠርዝ ወገብ የሚደርስ የብረት መደገፊያ ቆሟል፤ ላዩ ላይ መጠጥ የሚያስቀምጡበት ጠባብ ጣውላ ተገጥሞለታል። የገዛሁት ቦታ ይኸው ነው። መደገፊያውን ደግሞ ቀድመው የመጡ ወጣቶች ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዘውታል።

አባቴ ግራና ቀኝ አዩና «ወንበራችን የትኛው ነው?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? «ቆይ ልጠይቅ አባባ» አልኩና ወደ አስተናጋጇ ሄድኩ። ስልኬን አይታ በትሕትና «ይህ የመቆሚያ ትኬት ነው ጌታዬ» አለችኝ። ወንበር ይፈለግልን ስላት ወደ እንግዳ ማስተናገጃ ጠረጴዛ ላከችኝ። እዚያ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ጨዋታው ተጀምሯል። አባቴ አዛውንት መሆናቸውን፣ ጉልበታቸው መታመሙን፣ ልዩነቱን ልከፍል ዝግጁ መሆኔን አስረዳሁ። ሰውየው ቀና ብሎም በደንብ ሳያየኝ «ትኬቱን ከእኛ አልገዛችሁም፤ ሻጩን አነጋግሩ» አለ። ሻጩ ጋ ስደውል መቅጃ ነው የሚያነሳው፤ አንድን ተጫን፣ ሁለትን ተጫን። ሃያ ደቂቃ ጠብቄ ስልኩ ተቋረጠ።

ተመልሼ ተሽከርካሪ ወንበር ጠየቅሁ። አላቸው። «ሰው ወደ ቦታው ለማድረስ ብቻ ነው፤ ይዞ መቆየት አይቻልም» አሉኝ። ቦታችን መቆሚያ ነው እኮ! ወዴት ነው የሚያደርሱት? ታጣፊ ወንበር ከመኪና ላምጣ ስል ደግሞ የእሳት አደጋ መውጫ ይዘጋል ተባልኩ። ይህን ሁሉ ስከራከር በመስታወቱ ማዶ ክለብ የሚሉት ክፍል ይታየኛል። ትልልቅ የቆዳ ወንበሮች፣ ግማሹ ባዶ። ሰዎቹ ወንበራቸውን ትተው ምግብ ጠረጴዛው ጋ ቆመው ያወራሉ።

ስመለስ አባቴ በግራ እጃቸው ከዘራቸውን፣ በቀኝ እጃቸው የሲሚንቶውን ምሰሶ ይዘው ቆመዋል። ትንሿ ልጄ ወገባቸውን አቅፋ ደግፋቸዋለች። «ግድ የለህም፤ ቆሜ ኳስ ሳይ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው እንዴ?» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ግን ላብ ነበር፤ ቀኑ ደግሞ ብርዳማ ነው። የጨዋታውን ሕግ እያስረዳኋቸው አብረን እናያለን ብዬ ስንት ቀን አስቤበት ነበር። ከፊታቸው ሁለት ረጃጅም ልጆች ስለቆሙ ከሜዳው የሚታያቸው ሲሶው ብቻ ነው። ምኑን ላስረዳ?

የእረፍቱ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ነው። ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለ ደረጃ ላይ ጋቢያቸውን አጥፌ አስቀመጥኳቸው። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ጥበቃ መጥቶ መተላለፊያ ስለሆነ ተነሡ አለ። ሰውየው ሥራው ነው፤ አሁን ሳስበው እሱን አልቆጣውም። ራሴን ነው የምቆጣው። «አባባ እንሂድ» ብዬ እጃቸውን ይዤ መውጣት ነበረብኝ። ጠየቅኋቸው፤ «ልጁ ሳያገኘን? አይሆንም» አሉ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት አልነበረብኝም። አባቴ ለእኔ ብለው እንደሚችሉት አውቅ ነበር፤ ቻሉትም። ጨዋታው ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ልጄ ሮጦ መጥቶ ሲያቅፋቸው ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ እሱም አየው። ማታ መኪና ውስጥ ማንም አላወራም።

ቤት ከገባሁ በኋላ ያወቅሁት ነገር ደግሞ የባሰ አንገበገበኝ። የአካል ጉዳተኞች ሕጋቸው፣ ኤ ዲ ኤ የሚሉት፣ መራመድ ወይም መቆም ለሚቸግረው ሰው የተለየ መቀመጫ እንዲሸጥ ያዛል፤ አብረውት እስከ ሦስት ሰው ድረስ እንዲቀመጡ ያስችላል። ለአንድ ጨዋታ ትኬት የሐኪም ወረቀት መጠየቅም አይፈቀድም። ስትጠይቁ ግን «አክሰሲብል ሲቲንግ»፣ ማለትም ለአካል ጉዳተኛ የሚመች መቀመጫ፣ የሚለውን ቃል በአፋችሁ ጥሩት። እኔ «አባቴ አርጅተዋል፣ ጉልበታቸው ይታመማል» ስል እንደ ልመና ነው የሰሙኝ። ጠረጴዛው ጋ የነበረው ሰው ይህን አንድ ቃል ሊነግረኝ ይችል ነበር። አልነገረኝም።

ወጪውን ልንገራችሁ። ትኬት 380፣ መኪና ማቆሚያ 60፣ ቤንዚን 45፣ የቦርሳ ሳጥን 15፣ አራት ውኃ እያንዳንዱ በ6 ዶላር፣ ሦስት ሆትዶግ በ9 በ9፣ አንድ ድንች ጥብስ 11፣ ለአባቴ ማስታወሻ የገዛሁት ቆብ 35። ድምሩ 597 ዶላር። ያሰብኩት 300 ነበር። የልጄን የትምህርት ክፍያ ደረሰኝ አውጥቼ ሳየው ደግሞ ለስፖርት ክፍሉ የሚሄድ የግዴታ ክፍያ ለብቻው ተጽፏል። «በነጻ ይገባል» ያልኩት ልጅ በነጻ አልገባም ማለት ነው።

ዋጋው ለምን እንዲህ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ብዙ አንብቤያለሁ። አዲሶቹ ስታዲየሞች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ሰው እንዲበዛ አይደለም፤ ከእያንዳንዱ ሰው የሚገኘው ገንዘብ እንዲበዛ ነው። ቺካጎ አጠገብ ያለው ኖርዝዌስተርን በ1926 የተሠራውንና ከ47 ሺህ በላይ ሰው የሚይዘውን ስታዲየሙን አፍርሶ ከ800 ሚሊዮን ዶላር በላይ የወጣበት፣ ግን 35 ሺህ ሰው ብቻ የሚይዝ አዲስ ማሠራት የጀመረው በ2024 ነው። ሳንዲያጎ ስቴት በ2022 በ310 ሚሊዮን ዶላር የከፈተውም 35 ሺህ ነው። ኮሎራዶ ስቴት ከ1968 ጀምሮ የተጫወተበትን ሜዳ ትቶ በ2017 ወደ 220 ሚሊዮን ዶላሩ ስታዲየም ሲገባ ግንባታው በብድር ነበር፤ ብድር ደግሞ ከየትም አይከፈልም፣ ከገቢ ነው። በዚህ ላይ ከጁን 2025ቱ የፍርድ ቤት ስምምነት ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ይህን አስቀድሞ አስቦ በ2025 የዓመት ትኬት ላይ አሥር በመቶ «የተሰጥኦ ክፍያ» ጨምሯል። ልጆቹ ይከፈላቸው፤ ጭንቅላታቸውን እያጋጩ የሚጫወቱት እነሱ ናቸው። የኔ ቅሬታ የአዲስ አበባ ስታዲየም እንኳ ጥላ ፎቅ መክፈል ላልቻለ ሰው ሌላ ቦታ ሲያኖር፣ እዚህ የድሃው ቦታ ወንበሩ ተነቅሎ መቆሚያ ተብሎ በ95 ዶላር መሸጡ ነው።

ለምትሄዱ የምመክረው ይህን ነው። ሆምካሚንግንና የጎረቤት ባላንጣ የሚመጣበትን ቀን ተዉት። ሴፕቴምበር ላይ ከትንሽ ትምህርት ቤት ጋር የሚያደርጉት ጨዋታ አለ፤ ስታዲየሙ ያው፣ የሙዚቃ ባንዱ ያው፣ ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ የሆምካሚንጉን ግማሽ አይሞላም። ዩኒቨርሲቲዎቹ «ቀድማችሁ ግዙ» ይላሉ። ለደካማ ጨዋታ እኔ አልስማማም፤ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጨዋታው ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት፣ ሻጮቹ ራሳቸው ዋጋ ያወርዳሉ። ሽማግሌ ወይም ሕመምተኛ ካለ ግን ተቃራኒውን አድርጉ፤ ከዩኒቨርሲቲው ትኬት ቢሮ በቀጥታ፣ በኢሜይል ጠይቃችሁ፣ መልሱን በጽሑፍ ይዛችሁ ግዙ። ትኬቱን ከቤት ሳትወጡ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት፤ በር ላይ ኔትወርክ ይጨናነቃል። ውስጡን የሚያሳይ ቦርሳ ያዙ። የሚቆጥረውን ቀይ ሰዓት አትፍሩት። እኔ በዚያው ምሽት ተመልሼ ሳይ ያው ክፍል፣ ያው ሦስት ፊደል፣ ሌላ አራት ትኬት ተለጥፎ ነበር።

ለድረ ገጹ ሁለት ጊዜ አቤቱታ ጻፍኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሚቀጥለው ግዢ የ25 ዶላር ቅናሽ ላኩልኝ። አልተጠቀምኩበትም።

ኖቬምበር ላይ፣ አባቴ ወደ አገር ሊመለሱ ሲቃረቡ፣ ሰፈራችን ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አርብ ማታ ይጫወት ነበር። ስምንት ዶላር ነው። በሩ ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ የተቀመጠችው ልጅ አባቴን አየቻቸውና «ለአዛውንት አናስከፍልም» አለች። ከመሀል፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ፣ ጋቢውን ለሁለት አጥፌ አሉሚኒየሙ ላይ አነጠፍኩላቸው፤ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ተቀመጡ። በአራት ሙከራ አሥር ያርድ ካልሄዱ ኳሱን እንደሚያጡ አስረዳኋቸው። ሁለተኛው ሩብ ላይ የሰፈራችን ልጆች አራተኛውን ሙከራ ሲሞክሩ አባቴ በጣታቸው እየቆጠሩ ነበር። ኳሷ መስመሩን ስታልፍ ከሁላችንም በፊት የጮሁት እሳቸው ናቸው።