ጥላ፣ ሞላና ሴባስቶፖል፤ የሁለት ዓመት የቅዳሜ ንባብ

ባለፈው ቅዳሜ የግቢያችን አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ የሥዕል ደብተሯን ይዛ መጣች። ሴባስቶፖልን ሥላዋለች፤ ግን አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ እንደቆመው አይደለም። ጭስ መውጫ አለው፣ ጎኑ ላይ የጀበና አንገት የመሰለ ቧንቧ ተቀጥሎለታል፣ ከላዩ አንድ ሰው በአካፋ ከሰል ይጨምራል። «ጋሼ፣ ይኼኛውን ሰው አይጎትተውም፤ ራሱ ነው መቅደላ የሚወጣው» አለችኝ። ስቲምፓንክ የሚባለውን ቃል አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ነው የከረምኩት፤ ይህንንም የምጽፈው ኩራቱ ሳይበርድብኝ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ቅዳሜ ከሰዓት እዘጋና በረንዳችን ላይ ለግቢው ልጆች አነባለሁ፤ ስድስት፣ አንዳንዴም ዘጠኝ ይሆናሉ። ለትላልቆቹ ደግሞ መጽሐፍ አውሳለሁ፤ የሚመለሰው ይመለሳል፣ የማይመለሰው ቀርቷል። ሁለት ዓመት አለፈኝ።

ስቲምፓንክ ባጭሩ፣ ዓለም በእንፋሎት፣ በማርሽና በሞላ ብቻ እስከ ጥግ ሄዳ ቢሆን ኖሮ ብሎ የሚያስብ የልብ ወለድ ዓይነት ነው። በራሪው መርከብ ይጨሳል፣ ኮምፒውተሩ ከነሐስ ነው፣ ሰው ሁሉ የኪስ ሰዓት ይይዛል። ስሙን ኬ. ደብሊው. ጄተር የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ በ1987 ግማሽ በቀልድ አወጣለት (የመጽሐፎቹን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ነገሩ ግን ከስሙ ይቀድማል፤ ከፈረንሳዊው ደራሲ ከነዡል ቬርን ዘመን የመጣ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት በውርደት አለፈ። ሲቪል ምሕንድስና የተማረ አንድ ጓደኛዬ «እስኪ አንድ ጥሩ ነገር ስጠኝ» ሲለኝ «ዘ ዲፈረንስ ኢንጅን»ን ሰጠሁት። ዊሊያም ጊብሰንና ብሩስ ስተርሊንግ በ1990 ያሳተሙት ነው፤ የእንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ የቻርልስ ባቤጅ የሒሳብ ማሽን በእውን ተሳክቶ ኮምፒውተር አንድ መቶ ዓመት ቀድሞ ቢመጣስ የሚል። «የዘርፉ ቁንጮ ነው» አልኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ መለሰልኝና «አንተ ግን የት ደርሰህ ነው ያቆምከው?» አለኝ። ዕልባቴ፣ የቡና ቤት ደረሰኝ፣ መቶኛው ገጽ አካባቢ እንደተቀመጠ ነበር። ምን ይባላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልጨረስኩትን መጽሐፍ ለማንም ላልመክር ምዬ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጣስኩት፤ እሱን ሌላ ቀን።

ከቬርን «ሃያ ሺህ ሊግ ከባሕር በታች»ን ለትልልቆች ያለ ሐሳብ እሰጣለሁ። በ1870 የወጣ ቢሆንም አሁንም ይዞ ይሄዳል፤ የዓሣዎቹን ስም ዝርዝር ግን ዝለሉት። ማንም አይቆጣችሁም፣ እኔም ዘልዬዋለሁ። ሃያ ሺህ የተባለው የጉዞው ርቀት እንጂ ጥልቀቱ አይደለም። ደግሞ «የስቲምፓንክ አባት» እያላችሁ የምታሞግሱት ሰርጓጅ መርከብ፣ ናውቲለስ፣ የሚሄደው በእንፋሎት ሳይሆን በኤሌክትሪክ ነው። ይህን ባልኩ ቁጥር አንድ ሰው ይቀየመኛል።

ለልጆች ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። የመጀመሪያው የያዘልኝ የብራያን ሴልዝኒክ «የሁጎ ካብሬ ፈጠራ» ነው፤ የ2007 መጽሐፍ። ከ500 ገጽ በላይ ስለሆነ ውፍረቱን ያየ ልጅ ይሸሻል ብዬ ነበር፤ ግን 284ቱ ገጽ ሥዕል ነው፣ በእርሳስ የተሣለ። መክፈቻው ላይ ለብዙ ገጽ አንድም ቃል የለም፤ ገጽ ትገልጣለህ፣ ፓሪስ ትቀርባለች፣ ትገልጣለህ፣ ባቡር ጣቢያው ይቀርባል፣ ትገልጣለህ፣ ከሰዓቱ ቁጥሮች ኋላ የተደበቀ የልጅ ዓይን ያይሃል። ሁጎ ወላጅ የለውም፤ በጣቢያው ግድግዳ ውስጥ እየኖረ ሰዓቶቹን ይሞላል፣ ከአባቱ የቀረውን በሞላ የሚንቀሳቀስ የብረት ሰው ይጠግናል። በታሪኩ ውስጥ ያሉት አሻንጉሊት ሻጭ ሽማግሌም በእውን የነበሩ ናቸው፤ ዦርዥ ሜልዬስ፣ በ1902 ወደ ጨረቃ ጉዞ የሚል ፊልም ሠርተው ኋላ ከስረው ፓሪስ ባቡር ጣቢያ አሻንጉሊት የሸጡ። ጥብቅ ነን ባዮች «ይህ ስቲምፓንክ አይደለም፣ ምንም ያልነበረ ማሽን የለበትም» ይላሉ። ይበሉ። ማንበብ ገና የሚፈራ ልጅ ካላችሁ ከዚህ ጀምሩ።

ከዚያ የፊሊፕ ሪቭ «ሞርታል ኢንጅንስ» (2001)። ለንደን ጎማ አውጥታ፣ በደረቀ ባሕር ላይ እየሮጠች ትንንሽ ከተሞችን ታድናለች፣ ትውጣለች። ይህን በነገርኩበት ቀን በረንዳው ተናወጠ። «ጎንደር ጎማ ቢኖራት አዘዞን ትበላ ነበር!» አለ አንዱ። አዘዞ አክስቷ ጋ የምታድር አንዲት ልጅ አለቀሰች። «ባሕር ዳር ደግሞ ጎንደርን» አለች ቆይታ፣ እንባዋን እየጠረገች፤ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ማን ማንን እንደሚበላ ሲከራከሩ ዋሉ። አንድ ኃጢአት ልናዘዝ፦ መጨረሻው ላይ ሁለት ሰዎች ከሞት አስተርፌያለሁ። ተከታዩን መጽሐፍ ሳነብላቸው ምን እንደምል እግዜር ይወቅ።

ሴባስቶፖል የገባው እዚህ ላይ ነው። ቴዎድሮስን የማያውቅ ልጅ እኛ ጋ የለም፤ ካሳ የቋራ ልጅ ነው። ስለዚህ በለንደን ጭስ መጀመሬን ተውኩና በጋፋት ጀመርኩ። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ የፈረንጅ ሚሲዮናውያን ለንጉሡ መድፍ ያቀልጣሉ። ወደ 7 ቶን የሚመዝነውን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ ሠረገላ ላይ ጭነው፣ መንገዱን ከፊት ከፊቱ እየጠረጉ፣ ወራት በፈጀ ጉዞ መቅደላ አወጡት። ከባሕሩ ወገን ደግሞ እንግሊዞች ዙላ ላይ የባቡር ሐዲድ ዘርግተዋል፣ ከሕንድ 44 ዝሆን አምጥተዋል። ሁሉም ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ተገናኘ። ደራሲ ቢፈጥረው አበዛኸው ይባላል። ይህን ያስተዋለ ልጅ የስኮት ዌስተርፊልድን «ሌቫያተን» (2009) ለመረዳት ሦስት ደቂቃ አይፈጅበትም፤ እዚያም በ1914ቱ ጦርነት አንዱ ወገን በእግሩ በሚራመድ ማሽን፣ ሌላው ተዳቅለው በተፈጠሩ አውሬዎች ይዋጋል፣ የአየር መርከቡም ራሱ ሕይወት ያለው ዓሣ ነባሪ ነው።

እስኪ ወደ ዋናው ጣጣዬ ልግባ። አንድ ቃል ነው። አምስት ወር በልቶኛል።

የፊሊፕ ፑልማን «ኖርዘርን ላይትስ» (1995) የአየር መርከብ፣ ጥሩር የለበሰ ድብ፣ እውነት የሚናገር የኮምፓስ ዓይነት መሣሪያ ያለበት መጽሐፍ ነው። በዚያ ዓለም እያንዳንዱ ሰው ከጎኑ የማይለይ፣ የሚናገር እንስሳ አለው። የልጆቹ መልኩን ይቀያይራል፤ አሁን ድመት፣ አሁን የእሳት ራት። ሰውየው ሲያድግ እንስሳው በአንዱ መልክ ይረጋል። እንስሳው ሲመታ ሰውየውን ያመዋል፤ ከሰውየውም ርቆ መሄድ አይችልም። ደራሲው «ዲመን» ይለዋል።

እንዳለ «ዲመን» ብዬ አነበብኩ። አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ለእናቱ «ዲመን እኮ ጋኔን ማለት ነው» ብሎ ተረጎመላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለት ልጆች ቀሩ፤ በሚቀጥለውም። ሴትዮዋ ውኃ ስትቀዳ አግኝታኝ «ልጆቻችንን ስለ ጋኔን ነው እንዴ የምታስተምራቸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

«ቆሌ» ብዬ ሞከርኩ። ልጆቹ የሚያውቁት «ቆሌው ተገፈፈ» የሚለውን ስለሆነ እንስሳው በመጣ ቁጥር ይሥቃሉ። «ውቃቢ» አልኩ፤ ይኼ ባሰ፣ ጎንደር ላይ ዛርና ውቃቢ የጨዋታ ነገር አይደለም። «ነፍስ» አልኩ፤ ትርጉሙ ይቀርባል፣ ነገር ግን በታሪኩ ውስጥ ልጆችን ሰርቀው ከእንስሳቸው የሚቆርጧቸው ሰዎች አሉ፣ የተቆረጠውም ልጅ ወዲያው አይሞትም። «ነፍሱ ተቆርጣ እንዴት ይሄዳል ጋሼ?» ልክ ናቸው። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ «ጓደኛ» አልኩት። መጽሐፉ በእጄ ላይ ሞተ። ጨው የሌለው ወጥ።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የዚያች የሠዓሊዋ አያት መሪጌታ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳው ጥግ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ሳነብ ስሰናከል ሰምተው ዳዊቱን አጠፉት።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያለፋህ?»

ነገርኳቸው።

«እንስሳው ሲመታ ሰውየውን ያመዋል?»

«አዎ መሪጌታ።»

«ቢለዩትስ?»

«በቁሙ ይደነዝዛል። ያየው ሁሉ ይሸሸዋል።»

«ታዲያ ጥላው ነዋ! ጥላ ወጊ ሲባል ሰምተህ አታውቅም?» ካሉ በኋላ ልጆቹን ገልመጥ አድርገው «እኔ አይደለሁም ደግሞ» አሉ።

ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ጥላ! ጥላው ከባድ ነው የምንለው ሰው አለ። ጥላ ቢስ የምንለውም አለ፤ ቢናገር የማይሰማ፣ ቢገባ ቦታ የማይለቀቅለት። ደብተራው ጥላውን ወጋው ሲባል ሰውየው ይታመማል። ደራሲው በብዙ ገጽ ያስረዳውን ነገር የእኛ አማርኛ ቀድሞ ያውቀዋል። ያን ዕለት ወደ ኋላ ተመልሼ ምዕራፉን እንደገና አነበብኩት። አንድ ቦታ አለ፤ የመጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ላይራ በበረዶው ሌሊት አንድ ጎጆ ትከፍትና ከእንስሳው የተቆረጠ ትንሽ ልጅ ታገኛለች፤ በእንስሳው ፈንታ የደረቀ ዓሣ ደረቱ ላይ አቅፏል። «ጥላ ቢስ ሆኖ፣ የዓሣ ቋንጣ ታቅፎ» ብዬ አነበብኩ። ከዝናቡ በቀር ድምፅ አልነበረም። ከስድስቱ አንዱ፣ ሁልጊዜ የሚረብሸው፣ ጃኬቱን እቅፍ አድርጎ ይዞ ነበር።

ቃሉ እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። እውነተኛው የፀሐይ ጥላ በመጣ ቁጥር ይምታታል፤ ክረምት ስለሆነም «የላይራ ጥላ ወፍ ሆኖ በረረ» ስል ትንሿ ልጅ ጃንጥላ መስሏት ነበር። ለዚህ እስካሁን መፍትሔ የለኝም፤ የፀሐዩን «ጥላዋ መሬቱ ላይ ወደቀ» እያልኩ እያስረዘምኩ አልፋለሁ።

ሁለተኛው ኑዛዜ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ክፉዎቹ የቤተ ክህነት ሰዎች ናቸው። እኔ ፈርቼ ስማቸውን «መሥሪያ ቤቱ» ብዬው ነበር። ቃሉን ያገኙልኝን ሽማግሌ ማታለሌ ስለከነከነኝ አንድ ቀን ሄጄ ነገርኳቸው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ «የአለቃ ገብረ ሐናን ጨዋታ ሰምተህ አታውቅም? ካህን የማይነካበት ጨዋታ የት አለ» አሉኝ። ቢሆንም ለወላጆች አስቀድማችሁ ንገሩ፤ እኔ ባለመናገሬ ነው ሁለት ልጆች ያጣሁት። አንዱ ተመልሷል።

«ልጆቹ እንግሊዝኛቸው እንዲሻሻል ራሳቸው ያንብቡት» የሚሉኝ አሉ። አልስማማም። እንግሊዝኛ ለማሻሻል ተብሎ የሚነበብ ልብ ወለድ እንደ ኮሶ ነው፤ አፍንጫ ተይዞ የሚጠጣ። መጀመሪያ በአማርኛ ይስሙት፣ መጽሐፉን ደጋግመው ይንኩት፣ ሥዕሉን ይዩት። የሚፈልግ ልጅ በኋላ ራሱ ይሰርቀዋል። የእኔ «ሌቫያተን» አልጋ ሥር ተገኝቷል። መሣሪያዬም እርሳስ ብቻ ነው፤ ዐርብ ማታ የነገውን ምዕራፍ አንብቤ አስቸጋሪውን ቃል ኅዳጉ ላይ በአማርኛ እጽፋለሁ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ። ያልተዘጋጀሁ ዕለት ልጆቹ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ያውቁብኛል።

ባለፈው ሳምንት የሁሉም ሰው ጥላ ምን እንደሚሆን ሲመድቡ ነበር። ረባሹ ጭላዳ፣ የአዘዞዋ ጭልፊት፤ እኔን ኤሊ አድርገውኛል፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። መሪጌታ ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። እሳቸው ከጋቢያቸው ውስጥ ሆነው «ጉሬዛ» አሉ። «ጥቁርና ነጭ ለባሽ፣ ከዛፍ የማይወርድ።»

የ«ሌቫያተን» ሁለተኛው ቅጽ፣ «ቢሂመት»፣ ያለው ሰው ጎንደር ውስጥ ካለ ቬርኔን አስይዤ እዋሳለሁ። ሦስት ሳምንት ነው የምጠይቀው፤ ልጆቹ ግን ለመስቀል ይድረስ ብለዋል።