ጋላጋ ላይ መማረክ ያዋጣል

ጋላጋ የሚባለውን ጌም ቆሞ የሚያይ ሰው ተኩስ ብቻ ይመስለዋል። ከታች ግራና ቀኝ ብቻ የምትሄድ አንዲት ነጭ መንኮራኩር አለች። ከላይ ነፍሳት የመሰሉ ጠላቶች ይሰለፋሉ። ትተኩሳለህ፣ ይሞታሉ፣ ሌላ ዙር ይመጣል። እኔ ግን ስልኬ ላይ ስንቱን ጌም ጭኜ አጥፍቼ ዞሮ ዞሮ የምቀመጠው እሱ ጋር ነው።

የምጫወተው ከድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ በተገዛ፣ ቲቪ ላይ በሚሰካ አሮጌ ማጫወቻ ነው። ካሴቱ ላይ የተጻፈው የጌም ብዛት ውሸት ነው፤ ያው ጥቂት ጌም ስሙ እየተቀያየረ ይመጣል። ጋላጋ ግን አለ። እኩለ ቀን ላይ የድሬ ሙቀት ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር እንኳ አላስቀምጥ ሲል፣ ቬንትሌተሩን ወደኛ አዙረን ከእህቴ ልጅ ጋር በየተራ እንይዛለን። መብራት ከጠፋ ያመጣነው ነጥብም አብሮ ይጠፋል፣ ካሴቱ ምንም አያስቀምጥም።

ጋላጋ በ1981 (በፈረንጆቹ) የወጣ፣ ናምኮ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ጌም ነው። ከሱ በፊት በ1979 የራሱ የናምኮ ጋላክሲያን፣ ከዚያ በፊት ደግሞ በ1978 የሌላው ኩባንያ የታይቶ ስፔስ ኢንቬደርስ ነበሩ። ስፔስ ኢንቬደርስ ላይ 55 ጠላት ተሰልፎ እየተንፏቀቀ ይወርዳል፣ ቁጥራቸው ሲያንስ ይፈጥናሉ። መጀመሪያ ታስቦበት እንዳይመስልህ። ማሽኑ ደካማ ስለነበር የሚስለው ሲቀንስለት ቀለለው፣ የሠራው ቶሞሂሮ ኒሺካዶም ጌሙን ሲያሞቀው አይቶ እንዳለ ተወው።

ወደ ጋላጋ ልመለስ። አሁን ያሉት የስልክ ተኩስ ጌሞች ራሳቸው ይተኩሱልሃል፣ ጥይት እንደ ጉድ ነው። እዚህ ግን በአንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ የሚኖርህ ሁለት ጥይት ብቻ ነው። ሁለቱንም ከሳትክ፣ እነሱ እስከ ላይ ሄደው እስኪጠፉ ድረስ በተኑን ብትቀጠቅጠው ምንም አይወጣም፣ በዚህ መሀል ንብ የምትመስለዋ ጠላት እየተጠማዘዘች አናትህ ላይ ነች። ሲቀርቡህ ደግሞ ጥይቱ ቶሎ ስለሚያገኛቸው ቶሎ ቶሎ መተኮስ ትችላለህ። ስለዚህ የሚያዋጣው ሊገድልህ እየመጣ ያለውን ጠጋ ብለህ መምታት ነው። ነጥቡም እንደዛው ነው፤ ንብ ተሰልፋ ሳለች 50፣ እየወረደች 100።

ከሁሉም የምወደው ግን ምርኮውን ነው። ከላይኛው መስመር ያሉት አለቆች ሁለቴ ካልተመቱ አይሞቱም፤ መጀመሪያ ሲመቱ ቀለማቸው ይለወጣል። አንዳንዴ አንዱ ወረድ ይልና ቆሞ ሰማያዊ ብርሃን ይዘረጋል። እዚያ ውስጥ ከገባህ መንኮራኩርህ እየተሽከረከረች ወደ ላይ ትሳባለች፣ ቀይ ሆና ከሱ ጋር ትሰለፋለች። ጀማሪ ይሸሻል። የለመደው ሆን ብሎ ይገባል! በቀረችህ መንኮራኩር ጠብቀህ፣ አለቃው ምርኮኛህን አስከትሎ ሲወርድ ከገደልከው ትለቀቅና ጎንህ ትቆማለች። ከዚያ በኋላ በጥንድ ነው የምትተኩሰው።

ጭንቁ ያለው እዚህ ነው። ሰልፍ ላይ እያለ ከገደልከው ምርኮኛዋ በራስህ ላይ ትዞራለች። ተቻኩለህ እሷኑ ከመታሃት ደግሞ አበቃላት። የእህቴ ልጅ ከጎኔ ሆኖ «ኧረ አቦ አጎቴ፣ እሷን እንዳትመታት!» እያለ ሲጮህ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ዝም በል ብለውም የት ሊሰማ።

ጥንድ መሆንም ዕዳ አለው። መጋላ ሰፈር ጠባብ መንገድ ውስጥ እንደገባ አይሱዙ ትሆናለህ፣ ድሮ በቀላሉ የምታልፍበት ክፍተት አይበቃህም። የእህቴ ልጅ ጥንድ አይወድም፣ ቶሎ አንዷን ያስበላል። እኔ ግን አልስማማም፤ 3ኛው ደረጃ ላይ የሚመጣውን የፈተና ዙር ይየው። እዚያ 40 ጠላት ሳይተኩስብህ እየተጠማዘዘ ያልፋል፣ አንድም ሳታስመልጥ ከመታህ 10,000 ነጥብ ትወስዳለህ፣ በነጠላ መንኮራኩር ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለቱ ያመልጡሃል። ከ3 በኋላ በየአራት ደረጃው ተመልሶ ይመጣል፣ 7፣ 11 እያለ።

ብቻ ተጠባባቂ ሳይኖርህ በመጨረሻዋ መንኮራኩር እየተጫወትክ ከሆነ ብርሃኑን ሽሽ። እሷ ከተወሰደች የሚያስለቅቃት የለም፣ ጌሙ እዚያው ያልቃል።