የጾም ኬክና የእማዬ ከሰል

ልጄ የተወለደችው መጋቢት 12 ነው። ፋሲካ ቢፈጥንም ቢዘገይም ይህች ቀን ከሁዳዴ አታመልጥም። እስከ አምና ግድ አልነበረንም፤ ሕፃን ናት፣ ኬክ ገዝተን ሻማ አብርተን እናሳልፋለን። ዘንድሮ ግን ሰባት ዓመት ሊሞላት ስለሆነ መጾም ጀመረች። አንድ ማታ መጥታ፣ «አባዬ፣ የኔ ኬክ ውስጥ እንቁላል አለ እንዴ?» አለችኝ።

የጾም ኬክ አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። ገዝቶ መገላገል ነበር። እኔ ግን ማድ ቤት ገብቼ ካልሞከርኩ አይሆንልኝም። ዳቦ ቆሎ እቆላለሁ፤ በሽሮም አልታማም። ኬክ ደግሞ ምን ይከብዳል ብዬ ተነሣሁ። ከበደኝ።

ስልኬ ላይ ያገኘሁት አሠራር ቀላል ነው። 1 ኩባያ ተኩል የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ስኳር፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ይህ ደረቁ ነው። ፈሳሹ 1 ኩባያ ውሃ፣ 5 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ። አቼቶውና ሶዳው ሲገናኙ ጋዝ ይፈጥራሉ፤ ያለ እንቁላል ሊጡን የሚነፋው እሱ ነው። 180 ዲግሪ ላይ 35 ደቂቃ ይበስላል ይላል። (ኩባያ የሚሉት ወደ 240 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ነው። በሻይ ብርጭቆ የለካ ጉዱ ይፈላል።)

ኦቨኑ ፊት ተጎልቼ በመስታወቱ አያለሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ኩፍ ብሎ ከመጋገሪያው አፍ አለፈ። ልጄን ጠርቼ አሳየኋት። ተመልሼ ሳየው መሃሉ ሰርጉዷል። ሲወጣ ዳር ዳሩ ቆሞ መሃሉ ገደል ነው። እማዬ መጥታ ዙሪያውን አየችውና፣ «ምን አለበት ልጄ፣ ወጥ ይይዛል» አለችኝ።

ጥፋቱ የእጄ መስሎኝ ነበር። ለካስ የከተማው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ያለልክ ይነፋል። ሊጡ በስሎ ሳይጠነክር አረፋው ይፈነዳል፤ ከዚያ መውደቅ ነው። ውሃም እዚህ ገና በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል። ያ አሠራር ምፅዋ ወይም ጅቡቲ ላለ ሰው ይሆናል። ለእኛ ግን መስተካከል አለበት። ሶዳውን በሩብ ቀነስኩ። ከስኳሩ 2 የሾርባ ማንኪያ አወጣሁ፤ ስኳር ሲበዛ ሊጡ ቶሎ አይጠነክርም። ውሃ 3 ማንኪያ ጨመርኩ። ሙቀቱን 190 አደረግሁት።

በዚህ መሃል ኮረሪማም ሞከርኩ። ካካዎ ከኮረሪማ ጋር እንዲህ ይዋደዳል ብሎ የነገረኝ አልነበረም። ከቫኒላ ይበልጥብኛል። ግን ሩብ የሻይ ማንኪያ ብቻ። አንድ ሙሉ ማንኪያ ያደረግሁበትን ኬክ ባለቤቴ ቀምሳ፣ «ይሄ ክትፎ ነው ኬክ?» ብላኛለች።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ሊጡን ቀላቅዬ ወደ ኦቨን ስዞር መብራት ጠፋ። ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ሊጡ ላይ ጆሮ ቢጣል ጥቃቅን አረፋ ጭስስ እያለ ሲፈነዳ ይሰማል። ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራቱ መጣ፤ አረፋው ግን ሄዷል። የወጣው ቂጣ ነው። ልጆቹ በሻይ በሉት። ከዚያ ወዲህ ደረቁንና ፈሳሹን ለየብቻ አስቀምጣለሁ። ኦቨኑ በደንብ ሳይግል አቼቶውን አልነካም።

ልደቷ ቀን እንግዶች ለ10 ሰዓት ተጠርተዋል። 7 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሊጡን ባልቀላቅለውም ልቤ ቀልጧል። ኬክ ቤት ልሮጥ ጫማዬን ሳደርግ እማዬ፣ «አንተ፣ ድፎ በመብራት ነበር እንዴ የምንጋግረው?» አለችኝ።

ከሰሉን ራሷ አቀጣጠለች። እኔን ከጎረቤት ግቢ ኮባ እንዳመጣ ላከችኝ። ቅጠሉን እሳት ላይ አለፍ አለፍ እያደረገች አለሰለሰችውና ወፍራሙ ብረት ድስት ውስጥ አነጠፈችው። ባዶው ድስት ሲግል ክዳኑ ውስጥ ቆንጥራ ዱቄት በተነች። ወዲያው ጠቆረ። «ገና ነው፣ ይብረድ» አለች። ፍም ቀነሰችለት። ሁለተኛ በተነች፤ ቀስ ብሎ ቡኒ ሲሆን፣ «አሁን ቀላቅል» አለችኝ። አቼቶውን ጨመርኩ፣ ቶሎ አማሰልኩ፣ ገለበጥኩ። ከታች ጥቂት ፍም ተወች፤ ብዙውን ክዳኑ ላይ ከመረችው። እኔ ብሆን ተቃራኒውን ነበር የማደርገው። የታችኛው እሳት ድስቱን በቀጥታ ስለሚነካ ቶሎ ያሳርራል፤ ከላይ የሚመጣው ነው ፊቱን የሚያበስለው።

ክዳኑን ልክፈት ስል እጄን መታችው። 40 ደቂቃ ያህል እንዲህ ተጨነቅሁ። በኋላ መሃሉ ላይ ስንደዶ ሰካችበት። ደርቆ ወጣ። ኬኩ ገደል የለውም። የኮባው መስመር ከሥሩ ታትሞበታል፣ ትንሽ ጢስ ጢስም ይሸታል። የተፈጨ ስኳር በሎሚ ጭማቂ በጥብጬ አፈሰስኩበት፣ ከላይ የተወቀጠ ኦቾሎኒ ነሰነስኩበት። የሎሚው ኮምጣጣ ጣዕም ከካካዎው ጋር እንደዚያ ይስማማል ብዬ አልገመትኩም።

ልጄ አንድ ቁራሽ ጨርሳ ሁለተኛ ጠየቀች። የክፍል ጓደኛዋ፣ «የድፎ ኬክ ነው» እያለች ለሌሎቹ ታስረዳለች። የታችኛው ክፍል፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዳር ዳሩን አርሯል። በቢላዋ ፈቅፍቄ ላወጣው ስል እማዬ ሳህኑን ተቀበለችኝ። ያረረውን ከቡናዋ ጋር ብቻዋን ጨረሰችው።