ፑኔ ዩኒቨርሲቲን ከአባዬ ጋር በእግር፣ ያለ አስጎብኚ

አባዬን ይዤ ህንድ የሄድኩት ለሕክምና ነው፣ ስለ ሕክምናው ሌላ ቀን እጽፋለሁ፣ ዛሬ የምነግራችሁ የምርመራ ውጤት እስኪደርስ ሁለት ቀን ጠብቁ ተብለን ያደረግነውን ነው። ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ጌስት ሀውስ ውስጥ አስቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ የጣሪያውን ንጣፍ ቆጠረ፣ ከዛ እኔ ሞል እንሂድ ልለው ስዘጋጅ "አንቺ፣ እዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የለም እንዴ?" አለኝ። አለ አባዬ፣ አልኩት፣ ምን ላድርግ።

ባጃጅ ያዝን። እዛ ሪክሾ ነው የሚሉት ግን አፌ አልለምድ ብሎኝ ባጃጅ ባጃጅ ስል ሹፌሩ ሳቀብኝ፣ ለካ ባጃጅ የተባለው ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ፑኔ ነው፣ እኛ የፋብሪካውን ስም ለመኪናው ሰጥተነው አርፈናል። ቦታውን ደግሞ በሙሉ ስሙ ሳቪትሪባይ ፉሌ ፑኔ ዩኒቨርሲቲ ብዬ ስጠራለት ትንሽ አሰበና "ሃ፣ ቪድያፒት!" ብሎ ነዳው፣ በነሱ ቋንቋ ዩኒቨርሲቲ ማለት ነው። ይቺን ስም ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ግቢው 411 ኤከር ነው፣ ወደ 166 ሄክታር መሆኑ ነው፣ ስለዚህ ሁሉንም አያለሁ ብላችሁ እንዳትገቡ፣ እኛ በአባዬ ጉልበት ሦስት ቦታ ነው ያየነው። ውሃ ያዙ፣ ኮፍያ ያዙ፣ ለቀሪው ጥላ አለ፣ ትልልቅ ዋርካዎች አሉ፣ ሥራቸው ከቅርንጫፍ ወደ ታች እየተንጠለጠለ መሬት ሲደርስ ራሱ ሌላ ግንድ የሚሆን ዓይነት፣ አንዱ ሥር ስድስት ተማሪ ላፕቶፕ ከፍቶ ተቀምጧል፣ አጠገባቸው ውሻ ተኝቷል፣ ማንም ማንንም አይነካም።

አባዬ መጀመሪያ የፈለገው የአስትሮኖሚ ማዕከሉን ነው፣ አዩካ ይሉታል፣ በ1988 የተቋቋመ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ያቋቋሙት ጃያንት ናርሊካር የሚባሉ ሳይንቲስት ናቸው፣ ሕንፃውን የነደፈው ቻርልስ ኮሪያ። በር ላይ ጠይቀን ገባን። መሀል ግቢው ላይ ኒውተን፣ ጋሊሊዮ፣ አይንስታይንና አርያባታ በሐውልት አሉ። እኔ ሦስቱን አውቄ አራተኛው ማነው ስል አባዬ በጣም ነው ያፈረብኝ። በ476 የተወለደ ህንዳዊ ነው፣ ፓይን 3.1416 ብሎ ያሰላ፣ መሬት በራሷ ዛቢያ ትዞራለች ያለም እሱ ነው አለኝ፣ እንዴት እንዳስረዳ ታውቂያለሽ? በጀልባ ወደ ፊት የሚሄድ ሰው ዳር ላይ የቆመው ነገር ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስለዋል፣ ከዋክብትም እንደዛ ናቸው። አባዬ የባህር ዳር ልጅ ነው፣ "እኔ ይሄን በታንኳ ላይ አይቼዋለሁ እኮ፣ ግን ሰማዩን አላሰብኩትም" አለ። ፎቶ ላንሳህ ስለው ግን እምቢ፣ በሽተኛ ፎቶ አይነሳም ብሎ።

ከዛ ሜይን ቢልዲንግ። በርቀት ማማው ነው የሚታየው፣ ጣሊያን አገር ያለ የደወል ቤት ይመስላል፣ ሕንፃው የተሠራው በጥቁር ድንጋይ ነው፣ የኛን አገር ድንጋይ እንደማየት ነው ምክንያቱም የዛ አካባቢ አምባ ሁሉ እንደኛ ደጋ ከቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ዓለት የተሠራ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1949 ነው የተከፈተው፣ ሕንፃው ግን ከ1864 እስከ 1871 ተሠርቶ ያለቀ የእንግሊዝ ገዢ መኖሪያ ነበር፣ የቦምቤው ገዢ ክረምት ሲገባ ወደ ፑኔ ይወጣ ስለነበር የክረምት ቤቱ መሆኑ ነው። ስድስት ኪሎ ለተማረ ሰው ይሄ አይገርምም፣ የኛም ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር።

ሳሩ ዳር ተቀምጠን ዓመቶቹን ስንቆጥር ነው አንድ ነገር ቀጭ ያለብኝ። 1864፣ 1871... መሀሉ ላይ መቅደላ አለ አይደል? ጄኔራል ናፒየር ያኔ የቦምቤ ጦር አዛዥ ነበር፣ 44ቱ ዝሆኖች፣ ወታደሩ፣ አብዛኛው ህንዳዊ፣ በመርከብ የተጫነው ከዚህ አገር ነው፣ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 1860 በኛ አቆጣጠር፣ በፈረንጅ 1868፣ ሲሞቱ እዚህ ግንበኞች ይቺን ማማ እየካቡ ነበር ማለት ነው። አባዬ ምንም አላለም፣ ዞር ብሎ ሕንፃውን እንደገና አየው፣ ልክ አንድ ሰው የሩቅ ዘመድህ ነው ተብሎ ሲነገርህ እንደምታየው።

ግን እውነቱን ለመናገር የሕንፃው ዋና ታሪክ ለኔ 1897 ነው። አድዋ በሆነ በዓመቱ። ከዛ በፊት ባለው ዓመት ቦምቤ የገባው ቸነፈር ፑኔ ደርሶ ሰው እየረገፈ ነው። እንግሊዞቹ ራንድ የሚባል ባለሥልጣን ሾሙ፣ እሱ ደግሞ ወታደር ልኮ ቤት ለቤት ማስፈተሽ ጀመረ፣ ጓዳ ድረስ፣ የሰው ዕቃ እያወጡ እያቃጠሉ። ሰኔ 22 ቀን (በፈረንጅ) ንግሥት ቪክቶሪያ 60 ዓመት ነገሠች ተብሎ እዚህ ቤት ውስጥ ድግስ ተደገሰ፣ ራንድ ከድግሱ ወጥቶ በሠረገላ ሲመለስ ጋኔሽኪንድ መንገድ ላይ የቻፔካር ወንድማማቾች ጠብቀው ተኮሱበት፣ ከኋላ የነበረው መኮንን ወዲያው ሞተ፣ ራንድ ሐምሌ ላይ። ወንድማማቾቹ ተሰቀሉ።

ይሄንን ታሪክ ብዙ ሰው ይነግራችኋል። እኔን የያዘኝ ግን ከድግሱ ሦስት ወር በፊት በዛው ከተማ የሞተችው ሴት ናት። ሳቪትሪባይ ፉሌ። በ1831 ነው የተወለደችው፣ ማንበብ ያስተማራት ባሏ ነው፣ በ1848 ሁለቱ ሆነው ፑኔ ውስጥ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ እሷ አስተማሪዋ። ሴት እንዴት ታስተምራለች ብሎ ሰው መንገድ ላይ እበትና ድንጋይ ይወረውርባት ነበር፣ እሷ ምን አደረገች? ሁለተኛ ሳሪ ይዛ መሄድ ጀመረች፣ ስትደርስ የተበላሸውን ቀይራ ክፍል ትገባለች። በቃ። ቸነፈሩ ሲመጣ ሐኪም የሆነው የማደጎ ልጇ ክሊኒክ ከፈተ፣ እሷ ደግሞ 66 ዓመቷ ላይ በሽተኞቹን ትረዳ ነበር፣ አንድ የታመመ ልጅ በጀርባዋ አዝላ አምጥታ በሽታው ይዟት መጋቢት 10 ሞተች።

በ2014 ዩኒቨርሲቲው በሷ ስም ተሰየመ። ማለት፣ እሷ ስትሞት የገዢው የነበረው፣ በዛው ዓመት ድግስ የተደገሰበት ቤት፣ አሁን ደብዳቤው ሁሉ ራስጌ ላይ የእሷ ስም አለ። ባለ ባጃጁ ግን አሁንም ቪድያፒት ነው የሚለው፣ ረጅም ነዋ ስሟ፣ አልፈርድበትም።

ሐውልቷም ግቢው ውስጥ አለ። የሳሪውን ነገር ለአባዬ የነገርኩት እዛ ቆመን ነው። ዝም ብሎ ሰማኝና በዘመቻ ጊዜ ገጠር ፊደል ያስተማራትን አንዲት ሴት አነሳብኝ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ስንኖር ነግሮኝ አያውቅም እኮ። ባሏ እንዳያይ ደብተሯን ነጠላዋ ውስጥ ጠቅልላ ነበር የምትመጣው፣ ዝናብ ሲመታት ደብተሩ ይርሳል፣ እሱ እሳት ዳር ገጽ በገጽ እየገለጠ ያደርቅላታል። ስሟን ጠየቅኩት፣ "ስሟን መጻፍ እስክትችል ነው የቆየችው" አለኝ፣ ስሟን ግን አልነገረኝም። ከዛ ኮፍያውን አወለቀና ፀጉሩን በእጁ አስተካክሎ "አሁን አንሺኝ" አለ።

መመለሻችን በዛው በጋኔሽኪንድ መንገድ ነበር፣ ሠረገላው የተመታበት። ትራፊኩ ሌላ ነው፣ ሃያ ደቂቃ አንድ ቦታ ቆምን፣ ግራ ቀኙ ባጃጅ። አባዬ ስልኬን ተቀብሎኝ ፎቶውን ሲያሰፋ ሲያጠብ ቆየና ሐውልቷ ጭንቅላቷ ላይ ተቆርጧል ብሎ ተናደደብኝ። ነገ ተመልሰን እንድናነሳ አስምሎኛል።