ከስብሰባ በኋላ ያለው ብርሃን

በሥራ ጉዞ ላይ ለፎቶ የሚተርፈው ጊዜ ሁለት ነው፤ ከቁርስ በፊትና ከስብሰባ በኋላ። መሃሉ የፕሮጀክተር ነው። እኔ የእርሻ ባለሙያ ነኝ፤ ካሜራ ግን ከሻንጣዬ ተለይቶ አያውቅም። ባለፈው ሰኔ ሮም፣ ቪየናና ፓሪስ ለሥራ ስዞር ከሁሉም በላይ ያስደሰተኝ የአመሻሹ ርዝመት ነው።

እኛ ጋ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ከቢሮ ወጥተህ ታክሲ እስክትይዝ ጨልሟል። ሮም በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው። ፓሪስ ደግሞ አራት ሰዓት ገደማ። አግድም እያዘገመች ስለምትወርድ ያ ቢጫ ብርሃን ግድግዳው ላይ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ስብሰባው አስራ አንድ ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ አራት ሰዓት ሙሉ የኔ ነው። ለዚህ ብቻ እንኳ ቪዛ መሰለፉ አይቆጭም።

ሮም የገባሁት በጠዋት ነው። ከኤርፖርት እስከ ዋናው ባቡር ጣቢያ ተርሚኒ ድረስ ባቡሩ 14 ዩሮ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሆቴሉ ከስምንት ሰዓት በፊት ክፍል አልሰጥም ስላለኝ ሻንጣዬን አስቀምጬ በእግሬ ወጣሁ። ፓንቴዮን አጠገብ አንድ ካፌ ደጃፍ ተቀምጬ ማኪያቶ አዘዝኩ። ሒሳቡ ሲመጣ 7 ዩሮ። ውስጥ ባንኮኒው ጋ ቆመው የሚጠጡት ሳንቲም ቆጥረው እየወጡ ነው። ዋጋው ለምን እንደተለያየ ስጠይቅ አስተናጋጁ በጣቱ ወንበሩን አሳየኝ። ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ። እንግዳን አስቀምጦ ዋጋ አለመንገር እኛ ጋ ነውር ነው፤ የትም ቢሆን ነውር መሆን ነበረበት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተርሚኒ አካባቢ የሄደ ሰው አማርኛና ትግርኛ መስማቱ አይቀርም። ሰው ቤት እያደሩ አዛውንት የሚንከባከቡ ሴቶች የሚያርፉት ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት የዶጋሊን ሐውልት እያነሳሁ ነበር። ከጣቢያው ትንሽ ራቅ ብሎ ዛፎች መሃል የቆመ የግብፅ ድንጋይ ነው። ራስ አሉላ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው 500 ገደማ የጣሊያን ወታደሮች መታሰቢያ አድርገውት ነው። ጣቢያው ፊት ያለው ትልቁ አደባባይም በእነሱ ስም ይጠራል። በፋሺስቱ ጊዜ ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ እዚህ ሐውልት ሥር ቆሞ ነበር፤ ዛሬ ለገሃር ያለው አንበሳ። ጎራዴ መዞ ጣሊያኖቹን የተጋፈጠው የዘርዓይ ደረስ ታሪክም እ.ኤ.አ. በ1938 እዚሁ ነው የተፈጸመው። አሁን አንበሳው የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ያንን ባዶ ቦታ ነበር ለማንሳት የምሞክረው።

«ያን ካሜራ ወደ ፊት አዙረው የኔ ልጅ! እዚህ ሲወስዱብህ አይሰማህም።»

ዞር ስል ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው እናት ናቸው። የኮምቦልቻ ሰው። ሮም ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል።

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አልኳቸው።

«ከሆነ አይቀር እኔንም አንድ አንሳኝ። ለእህቴ ልላክላት። ስልክ ፊቴን እያሳበጠው ተቸገርኩ።»

ጣቢያው በጀርባቸው እንዲገባ ፈልጌ ነበር። እምቢ አሉ። «ባቡር ካዩ ልመጣ የተነሳሁ ይመስላቸዋል» አሉኝ። ዛፍ ሥር ሄድን። ከፌስታል ነጠላ አውጥተው አጣፉ። በዚያች ቅጽበት የሆነውን ፎቶ የሚያነሳ ሰው ይረዳኛል። የምሽቱ ፀሐይ ነጠላው ላይ አርፎ ወደ ላይ ተመለሰና ከአገጫቸውና ከዓይናቸው ሥር የነበረውን ጥላ አጠፋው። ስቱዲዮ ውስጥ በነጭ ሰሌዳ የምንለፋበትን የሀገር ነጠላ ሠራው። አልሳቁም። ቀጥ ብለው ሌንሱን አዩት። ከዚህ ጉዞ የተመለስኩባቸውን ፎቶዎች በሙሉ አጥፋ፣ አንድ አስቀር ብባል ይቺን ነው የማስቀረው። ማታውኑ በዋትሳፕ ላክሁላቸው።

በኋላም ማኪያቶ ካልጋበዝኩህ ብለው አንድ ባር ይዘውኝ ገቡ። የሰባት ዩሮውን ነገር ስነግራቸው ፊታቸውን አጠቆሩ። «ሁለተኛ እንዳትቀመጥ። ባንኮኒው ጋ ቁም፣ ጠጥተህ ውጣ።» ለሁለታችን የከፈሉት ሦስት ዩሮ አይሞላም። ልክፈል ብል አልሰማ አሉኝ።

ስብሰባችን የነበረው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ሕንፃው መጀመሪያ የታቀደው ለፋሺስቱ የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር። የአክሱም ሐውልትም እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ የቆመው እሱ ፊት ነበር። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሦስት ቦታ ሆኖ በአውሮፕላን ተመልሶ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ተተከለ። እዚያ አደባባይ አሁን ያሉት ለመስከረም አንዱ የኒው ዮርክ ጥቃት ሟቾች መታሰቢያ የቆሙ ሁለት አምዶች ናቸው። መኪናው ዙሪያውን ይተማል። ዘወር ብሎ የሚያይ የለም።

ከዚያ እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት በእግር ብዙ አይደለም። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 የኦሎምፒክ ማራቶኑን ያሸነፈው በዚህ መንገድ ነው። ሐውልቱ ጋ ሲደርስ ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት ወጣ፤ ቅስቱ ሥር በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። መሽቶ ስለነበር በመንገዱ ላይ ወታደሮች ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። እኔ እዚያ ስደርስ ቱሪስቱ ሁሉ ካሜራውን ወደ ኮሎሴየም አዙሯል። እኔ ተንበርክኬ መሬቱን አነሳሁ። ጥቁር ድንጋይ ነው፣ በጡጫ ልክ የተጠረበ። መሃል መሃሉ ላይ ክፍተት አለ፤ ክፍተቱ ውስጥ አሸዋና የሲጋራ ቁራጭ ሞልቷል። የድንጋዩ ጠርዝ በጫማ እንኳ ይቆረቁራል። ብዙ ጊዜ ስለ አበበ ባዶ እግር ሰምቼ አውቃለሁ፤ መሬቱን በእጄ ስዳስሰው ግን ደረቴ ሞላ። ሰው ባይኖር ጮክ ብዬ ስሙን እጠራ ነበር።

ቪየና ሥራ ብቻ ነበረች። የምጽፈው ስለ አንዱ ሌሊት ነው። ክፍሌ ከጣሪያው ሥር ነው፣ ኤሲ የለውም፣ ከተማዋ በሙቀት ነዳለች። መስኮት ስዘጋ ላብ፣ ስከፍት ትራም። እንግዳ መቀበያው ማራገቢያ አልቋል አለኝ። አስራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ነግቶ ስለነበር ልብሴን ለብሼ ፕራተር ወደሚባለው መናፈሻ ሄድኩ። እ.ኤ.አ. በ1897 የተሠራው፣ ሰው በሳጥን ጭኖ የሚሽከረከረው ትልቁ ጎማ ቆሟል፣ ሰው የለም። በፊት 30 ሳጥኖች ነበሩት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተቃጠለ በኋላ ሲጠገን 15ቱን ብቻ መለሱ። ለዚህ ነው ፎቶ ላይ ጥርሱ የጎደለ የሚመስለው። ውሻ የሚያናፍስ አንድ ሽማግሌ ፍሬሜ ውስጥ ገባ። መጥቶ አጥፋልኝ አለኝ፣ በትህትና። እዚያ የሰው መልክ በሕግ የተጠበቀ ነው። አጠፋሁለት። አመስግኖ ሄደ። ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም።

ፓሪስ የቀረኝ አንድ ምሽት ብቻ ነበር። ኤፍል ታወር አልሄድኩም። ሪፐብሊክ አደባባይ አጠገብ ቡልቫር ዱ ታምፕል የሚባል መንገድ አለ፤ እሱን ፍለጋ ሄድኩ። ከፎቶ ፈልሳፊዎቹ አንዱ የሆነው ዳጌር እ.ኤ.አ. በ1838 ከመስኮት ሆኖ ይህን መንገድ ሲያነሳ አንዱ ፎቶ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። ጋሪውም እግረኛውም ስለሚንቀሳቀስ ፎቶው ላይ አልቀረም። የቀረው ጫማውን ሊያስጠርግ የቆመ አንድ ሰው ነው። በፎቶ ታሪክ መጀመሪያ የታየው ሰው የሊስትሮ ደንበኛ ነው ማለት ነው! ይህን ካወቅኩ ጀምሮ ሊስትሮ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ትንሿን ትራይፖድ ዘርግቼ ብርሃን የሚቀንሰውን ጥቁር ፊልተር ገጠምኩ። የካሜራውን ዓይን ሁለት ደቂቃ ገደማ ከፍቼ አቆየሁት። መኪናው፣ ብስክሌቱ፣ ሰዉ ሁሉ ጠፋ። የቀረችው አውቶብስ የምትጠብቅ አንዲት ሴትዮ ናት፤ እሷም አንገቷን ስላዞረች ፊት የላትም። መንገዱን ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት፣ ጫማ የሚጠርግ አንድም ሰው የለም።

አዲስ አበባ ገብቼ ባለፈው ቅዳሜ ዝናቡ ሲያባራ ለገሃር ሄድኩ። አንድ ሊስትሮ ልጅ አስፈቅጄ ያንኑ ፊልተር ገጥሜ አነሳሁ። ደንበኛው እግሩን ሳጥኑ ላይ አድርጎ ቀጥ አለልኝ። ሱሪውም ጫማውም ጥርት ብሎ ወጣ። ብሩሹ ከልጁ እጅ ጋር ተኖ ጭስ ሆኗል።

ልጁ ስክሪኑን አፈጠጠበትና «እኔስ የታለሁ?» አለ።

ፊልተሩን ነቅዬ በድጋሚ አነሳሁት። ብሩሹን ከፍ አድርጎ ያዘልኝ። ያቺን አሳጥቤ ነገ ልሰጠው ነው።