ስለ ውሻችን የተሰማ ጸሎት

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን የምጽፈው ቅዱስ ሩፋኤል ለቤታችን ያደረገውን ለመመስከር ነው። ጉዳዩ ስለ ውሻ ነው። ውሻ ስል ፊቱን የሚያዞር እንደሚኖር አውቃለሁ። እኛም ቤት ቢሆን ውሻ ከበረንዳ አያልፍም ነበር። እማዬ ነጠላዋን ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ስትነሳ፣ እንዳይነካት «ዞር በል!» ትለዋለች። ቢሆንም ቡቺ የቤታችን ልጅ ነበር።

ያመጣው አባዬ ነው። ገና ዓይኑን እንደገለጠ ከሱሉልታ በኮቱ አቅፎ አመጣው። ሲያድግም አሮጌ የቆዳ ቀበቶውን ቆርጦ የአንገት ማሰሪያ ሠራለት። አባዬ ሲያርፍ ቡቺ ከድንኳኑ ጥግ አልነሳም አለ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ ሲገባ ሲወጣ፣ እንግዳ አይቶ የማያልፈው ውሻ አንዴም አልጮኸም። ድንኳኑ ሲነሳ የአባዬ ወንበር በረንዳው ላይ ወጣ፤ ቡቺም ከወንበሩ ሥር ተኛ። ከዚያ በኋላ ያለ ወንድ የቀረነው እናትና ልጅ ማታ ተኝተን ያደርነው በእግዚአብሔርና በእሱ ነው።

ውሻ ደግሞ ቶሎ ያረጃል። 14 ዓመት ሲሞላው ዓይኖቹ ነጭ ሆነው ማየት አቆመ። ጆሮውም ከበደ። የኋላ እግሮቹ አልታዘዝ አሉት፤ ሲሄድ ወደ ጎን ይንገዳገዳል። ግቢውን ግን በማሽተት ያውቀው ስለነበር ከወንበሩ እስከ ውሃው ሳህን፣ ከሳህኑ እስከ በሩ ሳይሳሳት ይሄድ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ቧንቧ ሊሠራ የመጣ ሰው የግቢውን በር ገርበብ አድርጎ ትቶት ወጣ። ዝናብ እየዘነበ ነው። ሲመሽ ወንበሩ ሥር ማንም የለም።

ሰፈራችን ሩፋኤል ነው፣ ጉለሌ። ከሩፋኤል እስከ ጳውሎስ፣ ከዚያ እስከ ፓስተር ያልጠየቅነው ጥበቃ የለም። ሰው ሁሉ የሚመልስልን አንድ ነው፦ «ውሻ ሲያረጅ ከቤት ርቆ ነው የሚሞተው፤ ተዉት፣ አትድከሙ።» እኔን ያስጨነቀኝ ግን መሞቱ አልነበረም። እንደሚሞትማ አውቃለሁ። ያስጨነቀኝ አሟሟቱ ነው። የሚንገዳገድ፣ ለሃጩ የሚንጠባጠብ ውሻ ሰፈር ውስጥ ሲታይ ሰው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ፤ «አብዷል!» ይባላል። ከዚያ ድንጋይ ነው። ሰዉም አይፈረድበትም፤ የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ ሰው አይተርፍበትም፣ ልጆቹን ይፈራል። ቡቺ በየዓመቱ መከተቡን ግን ማን ያውቅለታል? መርዝም አለ። ድንጋዩም መርዙም ቢቀር፣ በዚህ ከተማ የሞተ ውሻ የሚጣለው ወንዝ ወይም ገንዳ ውስጥ ነው። አባዬ በኮቱ አቅፎ ያመጣው፣ ገንዳ ውስጥ! እማዬ ይህን እያሰበች እህል አልወርድ አላት።

መጸለይ ፈራች። ሩፋኤል ፈታሔ ማኅፀን ነው፤ ሰው በምጥ ጊዜ የሚጠራው መልአክ ነው። «እንዴት ብዬ ነው ስለ ውሻ የምለምነው?» አለችኝ። በመጨረሻ የንስሐ አባታችን ለጸበል ርጭት ሲመጡ እንደ ምንም ጠየቀቻቸው። አባ ዝም ብለው ቆዩና «መጽሐፈ ጦቢትን አላነበባችሁም?» አሉ። እኔ የጦቢት ዓይን መብራቱን አውቃለሁ፣ የዓሣውን ሐሞት አውቃለሁ። አባ ግን የነገሩን ሌላ ነው። የጦቢት ልጅ ጦብያ መልአኩን ሩፋኤልን ይዞ ወደ ሜዶን አገር ሲነሳ ውሻው አብሯቸው ወጣ፤ ሲመለሱም ውሻው ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለ መጣ። «ሩፋኤልማ ከውሻ ጋር መንገድ ሄዷል» አሉን። «መዝሙረኛውም አቤቱ፣ ሰውንና እንስሳን ታድናለህ ይላል። ለምኑት።»

እኔ ይህን ቃል ስሰማ አለቀስኩ። እግዚአብሔር ጉዳያችንን አይንቅም።

የዚያን ማታ ሁለታችንም ተሳልን። እማዬ «ቤቱ ገብቶ፣ በሰላም እንዲያርፍ ካደረግህልኝ ጥላ አገባለሁ» አለች። እኔ ደግሞ «በሰው ፊት እመሰክራለሁ» አልኩ። እንዲድን አልለመንንም። ቤቱ ገብቶ እንዲሞት ነው የለመንነው።

ጳጉሜ 3 ቀን ሆነ፣ ሩፋኤል። እንደ ወትሮው ዝናቡ ወረደ። ልጆች በጸበሉ ዝናብ ሊጠመቁ ልብሳቸውን ጥለው መንገዱን ሞልተውታል። እማዬ አስቀድሳ ስትወጣ ዶፉ በረታባትና በር ላይ በቆሎ እሸት ከምትጠብስ ሴት ሸራ ሥር ተጠለለች።

«ምነው እማማ፣ በበዓሉ ቀን ከፋዎት?» አለቻት ሴትዮዋ።

እማዬ አፈረች። «ተይኝ ልጄ፣ ውሻ ጠፍቶን ነው።»

ሴትዮዋ ማራገቢያዋን አስቀመጠች። «ዓይኑ የማያይ? አንገቱ ላይ ቀበቶ ያለው?»

ከፓስተር ጀርባ ልጆች በድንጋይ ሲያባርሩት ደርሳ ነው ያስጣለችው። «ማሰሪያ አለው እኮ፣ የሰው ነው» ብላ አስቆመቻቸው። ከዚያ ጀምሮ ከልጆቿ ጉርሻ እየቆነጠረች፣ በጓሮዋ ጆንያ አንጥፋለት ታሳድረው ነበር። እሷ ራሷ በኪራይ ቤት የምትኖር፣ በቆሎ ጠብሳ የምታድር እናት ናት። የአባዬ ቀበቶ ነው ያዳነው። እኔ ይህን አጋጣሚ ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ያ መልአክ በበዓሉ ቀን፣ በደጁ ነው የመለሰልን።

ስልክ ተደውሎልኝ በሩጫ ስደርስ እማዬ ጭቃው ላይ ተንበርክካለች። ገና ከቅዳሴ መውጣቷ ነው፣ ነጠላዋ እንደ ነጣ ነው። የቡቺን ራስ በሁለት እጇ ይዛ ጉንጯ ላይ አስጠግታዋለች። እሱም እጇን እያሸተተ ጭራውን ይቆላል፤ የኋላ እግሮቹ አልቆምለት ብለው ሁለመናው ይወዛወዛል።

እንቁጣጣሽን ከእኛ ጋር ዋለ። የዶሮውን ጉበት እማዬ በእጇ አጎረሰችው። ከመስቀል በኋላ ግን ምግብ ተወ። የእንስሳት ሐኪም ቤት ድረስ መጥቶ አየው። ኩላሊቱ ደክሟል አለ፤ ከፈለግን ሳይሰቃይ በመርፌ ሊያሳርፈው እንደሚችል ረጋ ብሎ ነገረን። ደግ ሰው ነው። ለእንስሳው አዝኖ እንዲህ የሚያደርገውን አልወቅስም። እኛ ግን አቃተን። እማዬ «ጌታዬ፣ የሰጠኸን አንተ ነህ፤ አንተው ውሰደው። በእኔ እጅ አታድርገው» ብላ ለመነች። ሐኪሙን ነገ እንደውልልሃለን ብለን ሸኘነው።

ያን ማታ እማዬ የሳሎኑን በር ከፈተች። የአባዬን ጋቢ ምንጣፉ ላይ ዘርግታ ቡቺን አስገባችው። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ገባ። አጠገቡ ቁጭ ብላ «ጠብቀኸናል ቡችዬ። አሁን በቃህ፣ ተኛ። እኛ ደህና ነን» አለችው። እኔ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። አልጮኸም፣ አላቃሰተም። ሊነጋጋ ሲል የእማዬ እጅ ጎኑ ላይ እንዳለ ትንፋሹ ቆመ። ለሐኪሙ መደወል አላስፈለገንም።

ጓሮ፣ ጌሾው ሥር ቀበርነው። ከቀበቶው ጋር። ጎረቤታችን ጀበናዋን ይዛ መጣችና «እግዜር ያጽናችሁ» አለችን። ለውሻ ይህን ማለቷን መቼም አልረሳላትም። እማዬ አባዬ ሲሞት ለቀስተኛ ስታስተናግድ በደንብ ያላለቀሰችውን ያን ቀን አለቀሰች፤ ስሙን እየጠራች፣ የሁለቱንም። ከዚያ ወዲህ ፊቷ ቀለል ብሏል፤ እንቅልፏም ተመልሷል። ይህንን ደግሞ እኛ ሳንለምን የጨመረልን ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ጳጉሜ 3 እማዬ ጥላውን አገባች። በቆሎ ጠባሿም ልጆቿን ይዛ ከጎናችን ቆማ እልል አለች። እኔም ስእለቴን ይኸው አደረስኩ። የመልአኩ ጥበቃ አይለየን። አሜን።